የቤታችሁ ፋየርዎል የት ነው ያለው? ፈልጎ የማግኘትና የማስተካከል መመሪያ

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከታች ፎቅ ያሉት ጋሼ ደወሉልኝ። «እስቲ ቶሎ ና፣ ፕሪንተሩ ብቻውን ያትማል» አሉኝ። ወረድኩ። እውነትም ያትማል። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ የነካው ሰው የለም፣ ወረቀቱ ግን ይወጣል። አንዱን አንስቼ ሳነበው የባዮሎጂ አሳይመንት ነው። ስለ እንቁራሪት የደም ዝውውር፣ 14 ገጽ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ያ የገጠመልኝ ልጅ ፋየርዎል አለው ብሎኝ ነበር። የት ሄዶ ነው ታዲያ?»

ፋየርዎሉ የትም አልሄደም። ሥራውን፣ ማንም ሳይጠራው ከኢንተርኔት የሚመጣውን ማገድ፣ እየሠራ ነበር። አሳይመንቱ ግን ከውጭ አልመጣም። ጋሼ የኢንተርኔት መስመሩን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተጋርተው ነው የሚከፍሉት። የአንደኛዋ ጎረቤት ልጅ ስልኳ ላይ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጌ ላስቀምጥ ስትል የጋሼን ፕሪንተር ነክታ ኖሯል። ጠዋት መጥታ ወረቀቷን ወሰደች። ጋሼም የቀለሙን ዋጋ አልጠየቋትም።

ከዚያ በኋላ የብዙ ጎረቤት ራውተር (ዋይፋይ የሚለቀው ሳጥን) ሴቲንግ ከፍቼ አየሁ። ያየሁት ነገር ተመሳሳይ ነው። ፋየርዎል የሌለው ቤት የለም። ግን ወይ ባለቤቱ ሳያውቅ በሩን ከፍቶበታል፣ ወይ ከማን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ይህ መመሪያ እሱን ለማስተካከል ነው። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት አዘጋጁ። አንድ የእሁድ ከሰዓት ይበቃል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

የግቢያችንን ጥበቃ አስቡ። ከውጭ የመጣን ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ማን ጋ ነው?» ምግብ አዝዛችሁ ከሆነ ሞተረኛው የቤት ቁጥራችሁን ይናገራል፤ ጥበቃው ያረጋግጥና ያስገባዋል። ያዘዘ ሰው ከሌለ ይመልሰዋል። ከግቢ የሚወጣውን ግን ወዴት ነህ ብሎ አያስጨንቅም።

ፋየርዎልም ሥራው ይኸው ነው። በኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ፎቶም ይሁን ድምፅ፣ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና የትኛውን ፖርት እንደሚፈልግ ተጽፏል። ፖርት የበር ቁጥር በሉት። ቁጥሩ እስከ 65,535 ይደርሳል። ድረ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ 443ን ይጠቀማሉ። የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ 445 ላይ ነው። ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያው ሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ 3389 ላይ።

የመጀመሪያዎቹ ፋየርዎሎች እያንዳንዱን ፓኬት ለብቻው እያዩ ነበር የሚፈርዱት። የዛሬዎቹ ግን መዝገብ ይይዛሉ። እናንተ ከላፕቶፓችሁ አንድ ገጽ ስትከፍቱ «ይህ ላፕቶፕ እዚያ ጠይቋል» ብለው ይመዘግባሉ። መልሱ ሲመጣ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። የተጠየቀ ከሆነ ይገባል። ማንም ያልጠራው ከሆነ ይጣላል። ባለሙያዎቹ ይህን ዓይነቱን «ስቴትፉል» ይሉታል። ራውተራችሁ ላይ «ኤስፒአይ ፋየርዎል» የሚል ካያችሁ እሱ ነው።

ሌላም መሸፈኛ አለ፤ ናት ይባላል። ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮችና ላፕቶፖች እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር የውስጥ አድራሻ አላቸው። ይህ አድራሻ ከግቢ ውጭ አይሠራም። ሁሉም ወደ ውጭ የሚወጡት በራውተሩ አንድ አድራሻ ነው። ናት የተፈጠረው ለጥበቃ ተብሎ አይደለም። አሮጌው የአድራሻ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ስላለው ለመቆጠብ ነው። ግን ከውጭ የመጣ ሰው የትኛውን መሣሪያ እንደሚያንኳኳ ስለማያውቅ እግረ መንገዱን ይጠብቀናል። ብዙ ሰው «ናት ስላለኝ ፋየርዎል አያስፈልገኝም» ይላል። አይደለም። በአዲሱ ሥርዓት፣ በአይፒቪ6፣ መሣሪያዎች የየራሳቸው የውጭ አድራሻ ስለሚኖራቸው ናት የሚሸፍነው ነገር የለም። ያኔ በሩ ላይ የሚቆመው ፋየርዎሉ ብቻ ነው።

«እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። እውነት ነው፣ በስማችሁ የሚፈልጋችሁ የለም። ችግሩ ፍለጋው በስም አለመሆኑ ነው። ፕሮግራም ነው አድራሻ በአድራሻ እየዞረ የሚያንኳኳው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነው። ካሜራዎችንና ራውተሮችን እያንኳኳ፣ ፋብሪካ የሰጣቸውን ፓስዎርድ እየሞከረ ገባ። ይዞት የሚዞረው 60 ገደማ የዩዘርኔምና የፓስዎርድ ጥንድ ብቻ ነበር። በዚያች ዝርዝር የያዛቸውን መሣሪያዎች ሠራዊት አድርጎ በጥቅምት 2016 የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን ዳይን የተባለ ድርጅት በጥያቄ አጥለቀለቀው። ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አልሰሙም፤ ካሜራቸው ምስል ማሳየቱን አላቆመማ።

በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋናክራይ መጣ። የገባው በፖርት 445 ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። አፕዴት ያላደረገና 445ን ያልዘጋ ኮምፒውተር ፋይሎቹ ተቆልፈውበት ገንዘብ ተጠየቀ።

ዊንዶውስ ላይ ፋየርዎል ከመጀመሪያው በርቶ የሚመጣውም በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፕሮግራም) ዓለምን ካመሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ፣ ማለትም ትልቅ አፕዴት፣ ፋየርዎሉን በራሱ አበራው። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ ካገኛችሁት ያጠፋው ሰው አለ ማለት ነው።

1. ቤታችሁን በወረቀት ሳሉ

ይህን አትዝለሉት። ወረቀቱ መሃል ራውተሩን ሳሉ። ዙሪያውን ከእሱ ጋር የሚገናኘውን ሁሉ ጻፉ። ስልኮች፣ ላፕቶፖች፣ ስማርት ቲቪ፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ። የጎረቤት ስልክም ይጻፍ። ፓስዎርድ የሰጣችሁት የአክስት ልጅ፣ ባለፈው ፋሲካ የመጡ እንግዶች፣ ሁሉም።

ስልካችሁ ላይ ፊንግ የሚባለውን አፕ ብትጭኑ በራውተሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ይዘረዝርላችኋል። ጋሼ ቤት ስንሞክረው እሳቸው ስድስት ነው ያሉት፣ አፑ 17 አገኘ። ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። የማታውቁትን ስም አክብቡት።

2. ራውተሩ ውስጥ ግቡ

ራውተሩን ብዙ ሰው ሞደም ይለዋል። የመጀመሪያው ጥበቃ የሚቆመው እዚያ ነው። ለመግባት አድራሻውን ማወቅ አለባችሁ። ሳጥኑን ገልብጡት፣ ስቲከሩ ላይ ተጽፏል። ስቲከሩ ከተላጠ ስልካችሁ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈቱና «ጌትዌይ» የሚለውን ቁጥር እዩ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ይጠቀማሉ። ሲም የሚገባባቸው የሁዋዌ ራውተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.8.1።

ቁጥሩን ብራውዘሩ ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ጻፉት። ገጹ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ። የምታወሩት ከራሳችሁ ሳጥን ጋር ነው። ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል። ያም ስቲከሩ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሁለት ፓስዎርድ ነው ያለው። አንዱ ዋይፋይ ለመጠቀም ነው፤ ለእንግዳ የምትሰጡት እሱን ነው። ሌላው የራውተሩን ሴቲንግ ለመክፈት ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን በየወሩ ይቀይሩና ሁለተኛውን «አድሚን» እንዳለ ይተዉታል። የግቢውን ቁልፍ ቀይሮ የጥበቃውን ቤት ክፍት መተው ነው። ሁለተኛውን ዛሬውኑ ቀይሩት። ረጅም ይሁን። አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ ለማስታወስም ይቀላል፣ ለመገመትም ይከብዳል።

ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋባችሁ ወደነበረበት የምትመልሱት በዚያ ፎቶ ነው። በተለይ «ዋን» የሚለው ገጽ ላይ ያለውን አትንኩ፤ መስመሩን ከአቅራቢው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። አንዳንዱ ሳጥን ደግሞ አቅራቢው የቆለፋቸው ገጾች ይኖሩታል። ያን ለማለፍ አትታገሉ።

3. ክፍት የቀሩ በሮችን ዝጉ

ሜኑው እንደ ራውተሩ ይለያያል። «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ወይም «ፎርዋርድ ሩልስ» በሚሉት ሥር ፈልጉ። የሁሉም መጀመሪያ ፋየርዎሉ ራሱ መብራቱ ነው። ደረጃ የሚያስመርጥ ከሆነ መካከለኛው ለቤት ይበቃል። ከፍተኛውን ስትመርጡ የቪዲዮ ጥሪና ጌም ሊያስቸግር ይችላል። ያኔ ሰው ይናደድና ጭራሽ ያጠፋዋል። ከበረታ ግን ከጠፋ ፋየርዎል ለዘብ ያለ የበራ ይሻላል።

ቀጥሎ «ሪሞት ማኔጅመንት» ወይም «ከዋን በኩል መግባት» የሚለውን አጥፉ። ይህ የራውተሩን ሴቲንግ ከቤት ውጭ ሆኖ ለመክፈት ነው። አብዛኞቻችን አያስፈልገንም። ቴልኔት የሚል ካለም ይጥፋ፤ መሣሪያን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ አሮጌ መንገድ ነው። ሚራይ የገባው በዚያ ነው።

ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለው ገጽ ላይ ቆም በሉ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለጥበቃው «በዚህ ቁጥር የመጣውን ማንንም ሳትጠይቅ አስገባ» ብሎ ማዘዝ ነው። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ ዘመዴ ካሜራ አስገጠመ። ሱቁን ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ለማየት ፈልጎ ነው። ገጣሚው መጣ፣ ካሜራዎቹን ሰቀለ፣ መቅረጫውን ከራውተሩ ጋር አገናኘ፣ ፖርት ከፈተለት፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የመቅረጫው ፓስዎርድ ከአንድ እስከ ስድስት ያለው ቁጥር ነበር። ዘመዴ ሱቁን ያይ ነበር። ቁጥሩን የሞከረ ሌላ ሰውም ማየት ይችል ነበር። ለስንት ጊዜ እንደቆየ ስጠይቀው «ከተከፈተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ዝርዝሩን እዩ። ባዶ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። የማታውቁት መስመር ካለ መጀመሪያ አቦዝኑት፤ አትሰርዙት። ሳምንት ጠብቁ። ምንም ነገር ካልቆመ ሰርዙት። የካሜራ ከሆነ የካሜራው ፋብሪካ ያዘጋጀው አፕ መኖሩን ጠይቁ። የቅርብ ጊዜ ካሜራዎች ራሳቸው ወደ ውጭ ስለሚደውሉ ፖርት መክፈት አያስፈልጋቸውም።

እዚያው አካባቢ «ዲኤምዜድ» የሚል አለ። ይህ የፖርት ፎርዋርዲንግ ታላቅ ወንድም ነው። አንዱን መሣሪያ መርጦ በሮቹን በሙሉ ይከፍትበታል። በርቶ ካገኛችሁት አጥፉ። ቤት ውስጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዩፒኤንፒ ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። ይህ ፕሮግራሞች እናንተን ሳይጠይቁ ራሳቸው ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅድ ነው። ፕሌይስቴሽን ያላቸው ልጆች ይወዱታል። እኔ ግን አጥፉት ባይ ነኝ። ጌሙ እምቢ ካለ አብርታችሁ ትሞክራላችሁ። ሳይጠይቅ በር የሚያስከፍት ፕሮግራም ጌሙ ብቻ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ደብልዩፒኤስ፣ ማለትም በስምንት አሃዝ ፒን ወይም በቁልፍ ተጭኖ ዋይፋይ የሚያገናኘው፣ ይጥፋ። ፒኑ በሙከራ ሊገኝ እንደሚችል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የዋይፋዩ መቆለፊያ ደብልዩፒኤ2 ወይም ደብልዩፒኤ3 ይሁን። ደብልዩኢፒ የሚል ካያችሁ ሳጥኑ አርጅቷል፤ ቀይሩት።

የፈርምዌር፣ ማለትም የራውተሩ የራሱ ፕሮግራም፣ አፕዴት ካለም አድርጉ። ግን ሰዓቱን ምረጡ። አፕዴቱ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሳጥኑ ዳግም ላይነሳ ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ እዚህ አይረዳም፤ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ሰፈራችሁ መብራት እልም ብልጭ በሚልበት ሰሞን ይቆይ።

4. ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁለተኛው ጥበቃ

የራውተሩ ፋየርዎል ከግቢ ውጭ ያለውን ነው የሚያየው። እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ላፕቶፕ የእናንተን ቢያንኳኳ አያግደውም። ለዚያ ነው እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ የሚያስፈልገው።

ዊንዶውስ ላይ ስታርት ውስጥ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ «ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን»። ዶሜይን፣ ፕራይቬት፣ ፐብሊክ የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ሦስቱም አረንጓዴ ምልክት ይኑራቸው። አንዱ ቀይ ከሆነ ገብታችሁ አብሩት።

አሁን ወደ ዋናው የአዲስ አበባ በሽታ እንምጣ። ፋየርዎሉ ጠፍቶ ሳገኘው ያጠፋው ማነው ብዬ መጠየቅ አቁሜያለሁ። ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫን ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውሱ ክራክ፣ ኦፊሱ ክራክ፣ ፎቶሾፑ ክራክ። አብሮት የሚመጣው የጽሑፍ ፋይል መጀመሪያው ላይ «አንቲቫይረሱንና ፋየርዎሉን አጥፉ» ይላል። እኛም እሺ ብለን እናጠፋለን። ፕሮግራሙ ይጫናል፣ ሥራ እንጀምራለን፣ መልሶ ማብራቱን እንረሳለን። አስቡት፣ የማታውቁት ሰው ጥበቃውን አሰናብቱና ልግባ ሲላችሁ። ዋጋው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ተማሪ ሆኜ አድርጌዋለሁ። ግን ለጽሕፈት ሥራ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ። አማርኛም ይጽፋል።

ክራክ የተጫነበት ኮምፒውተር ካላችሁ ፋየርዎሉን ማብራት ብቻ አይበቃም። «አላው አን አፕ ስሩ ፋየርዎል» የሚለውን ክፈቱ። ጥበቃው አስገቡ የተባሉትን ዝርዝር ታያላችሁ። ስሙን የማታውቁት ፕሮግራም ካለ ምልክቱን አንሱ። ዝርዝሩ ከተዝረከረከ «ሪስቶር ፋየርዎልስ ቱ ዲፎልት» የሚል አለ፤ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች እንደገና ይጠይቋችኋል፤ ያኔ አንድ በአንድ ትወስናላችሁ። «ይህ ፕሮግራም ይፈቀድለት?» የሚል መስኮት ሲመጣ እናንተ አሁኑኑ የከፈታችሁት ካልሆነ መልሱ አይሆንም ነው። ከልክላችሁ ብትሳሳቱ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው።

ፕራይቬት ወይስ ፐብሊክ? ዊንዶውስ ላይ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ትችላላችሁ። ፕራይቬት ማለት «እዚህ ያሉትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» ነው። ፐብሊክ ማለት «አላውቃቸውም» ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ይደብቃል፣ ፋይል መጋራት ይዘጋል። ፒያሳ ካፌ ውስጥም ሆነ ለገሃር ቢሮ ቀጠሮ እየጠበቃችሁ ከሰው ዋይፋይ ጋር ስትገናኙ ሁልጊዜ ፐብሊክ። መጻሕፍቱ ቤታችሁ ከሆነ ፕራይቬት ምረጡ ይላሉ። እኔ ግን መስመሩን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ ቤታችሁም ፐብሊክ ይሁን እላለሁ። የኮንዶሚኒየም ዋይፋይ ከካፌ ብዙም አይለይም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ፋየርዎሉ ይሠራል። ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው አፕዴት በነባሪነት አይመጣም።

ማክ ላይ ፋየርዎሉ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ኔትወርክ ሥር አብሩት። ኡቡንቱ ላይም ዩኤፍደብልዩ አብሮ ይመጣል፤ ማብራቱ የእናንተ ነው። ስልክ ላይ የምታበሩት ነገር የለም። ለስልክ አፕዴቱና የምትጭኑት አፕ ናቸው ወሳኞቹ።

5. ጎረቤትን ከፕሪንተሩ ለዩ

ወደ ጋሼ ቤት እንመለስ። መስመር መጋራት ነውር አይደለም። ወጪ ይቀንሳል፣ ጉርብትናም ነው። ነገሩን የሚፈታው «ጌስት ኔትወርክ» ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች ሁለተኛ የዋይፋይ ስም መፍጠር ይችላሉ። ዋናው ለቤተሰብ ይሁን፤ የቤቱ ላፕቶፖች፣ ስልኮችና ፕሪንተሩ እዚያ ይግቡ። ሁለተኛው ለጎረቤትና ለእንግዳ። ስማርት ቲቪና ካሜራም እኔ የማስገባቸው ሁለተኛው ላይ ነው። አፕዴት የማይመጣላቸው ዕቃዎች ከቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል አይደሩ።

ስትፈጥሩት አንድ ሳጥን በጥንቃቄ እዩ። «እንግዶች የውስጥ ኔትወርኩን ይዩ» የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ አለ። ምልክት እንዳይኖርበት። እሱ ከተፈቀደ ሁለት ስም ከመኖሩ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። «አይሶሌሽን» የሚል ካለ ደግሞ አብሩት፤ እንግዶቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። አንዳንዱ ራውተር ለእንግዳው ስም የፍጥነት ገደብም ያስቀምጣል። የጎረቤት ልጅ ማታ ማታ ፊልም ሲያወርድ የእናንተ ስብሰባ እንዳይቆራረጥ ይጠቅማል፤ ይህን ግን ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉት።

ከዚያ የዋናውን ዋይፋይ ፓስዎርድ ቀይሩ። ይህን ካላደረጋችሁ የድሮው ፓስዎርድ ያላቸው ሁሉ እዚያው እንዳሉ ናቸው። ጋሼ ቤት እንዲህ አደረግን። ከ17ቱ ዋናው ላይ የቀሩት ስድስት ናቸው። እሳቸው እንዳሉት።

6. ከውጭ አንኳኩታችሁ እዩ

ሺልድስአፕ የሚባል ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ስትጠይቁት ከውጭ ሆኖ የቤታችሁን ፖርቶች ያንኳኳና ያገኘውን ይነግራችኋል። «ስቴልዝ» ካለ ያንኳኳው መልስ አላገኘም። «ክሎዝድ» ካለ በሩ ዝግ ነው፣ ግን ቤት እንዳለ ታውቋል። «ኦፕን» ካለ ክፍት ነው። ኦፕን ካገኛችሁ ወደ 3 ተመለሱ፤ የረሳችሁት ፎርዋርዲንግ ወይም ዩፒኤንፒ አለ።

ውጤቱን ግን በጥንቃቄ አንብቡ። ራውተሩ ላይ ያለው የዋን አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው ብዙ ደንበኛን በአንድ የውጭ አድራሻ አስቀምጧል። ያኔ ፈተናው ያንኳኳው የአቅራቢውን በር እንጂ የእናንተን አይደለም። ጥሩ ውጤት ቢመጣም ራውተራችሁን አላረጋገጠላችሁም። በሲም በሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ በዓይን ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ሙከራው በራሳችሁ ቤት ይወሰን። የጎረቤትን ራውተር «ልየው እስቲ» ብሎ ሰብሮ መግባት በአገራችን ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል።

ጥበቃው የማያያቸው

ፋየርዎል በመስመር የሚመጣውን ነው የሚያየው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ ሲገባ አያየውም። ቴሌግራም ላይ «ይህን አፕ ጫን» ተብሎ የተላከ ፋይል እናንተው ስለጠራችሁት ያልፋል። ደውሎ ከባንክ ነኝ የሚል ሰው የቴሌብር ፒናችሁን ሲጠይቅም ፋየርዎሉ ወሬውን አይሰማም። ለእነዚህ ዊንዶውስ ላይ ያለው አንቲቫይረስ፣ በሌላ ዲስክ የተቀመጠ የፋይል ቅጂና እምቢ ማለት ናቸው መድኃኒቶቹ።

ቴክኒሻን መጥቶ ከሄደ በኋላ

መብራት ሲጠፋ የራውተሩ ሴቲንግ ይጠፋል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይጠፋም። ሲመለስ እንደነበረ ይነሳል። የሚጠፋው ከኋላ ያለችው ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ስትጫን ነው።

እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈና ቴክኒሻን መጣ። እናቴ ናት የከፈተችለት። ሪሴቱን ተጫነ፣ መስመሩን መልሶ አስገባ፣ ፍጥነቱን አሳያት፣ ተመስግኖ ሄደ። ማታ ስመጣ የዋይፋዩ ስም ፋብሪካው የሰጠው ሆኗል። ፓስዎርዱ ስቲከሩ ላይ ያለው። የራውተሩ መግቢያ «አድሚን»። ደብልዩፒኤስ በርቷል፣ ዩፒኤንፒ በርቷል፣ የእንግዳው ኔትወርክ የለም። እናቴ ግን በጣም ደስ ብሏታል፤ «ምን የመሰለ ልጅ ነው፣ አሁንማ ይከንፋል» አለችኝ።

አሁን ሁሉንም አስተካክዬ ስጨርስ ራውተሩ ውስጥ «ባክአፕ» የሚለውን ተጭኜ የሴቲንጉን ፋይል ላፕቶፔ ላይ አስቀምጣለሁ። ሪሴት ከተደረገ «ሪስቶር» ብዬ በሁለት ደቂቃ እመልሰዋለሁ። የእናንተ ራውተር ይህ ከሌለው መጀመሪያ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች አሉ፤ ካስተካከላችሁ በኋላም እንደገና አንሱ። መግቢያ ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሰነድ የምታስቀምጡበት ፖስታ ውስጥ ክተቱት፤ ራውተሩ ላይ አትለጥፉት። ለቤት ሰው ደግሞ አንድ ነገር ንገሩ፦ ቴክኒሻን መጥቶ ሪሴት ካደረገ፣ ሳይረሳ ለእኔ ይደወልልኝ። እናቴ አሁን ትደውላለች። አንዳንዴ መብራት ሲጠፋም ትደውላለች።